አረንጓዴና ሰማያዊ አይጋቡም

ጥያቄ፦ «የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ፋይበር ኢንተርኔት ካስገባሁ ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ጠረጴዛዬን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ሳዛውር፣ ከግድግዳው ሣጥን ወደ ዋይፋይ ማሽኑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ አጠረኝና የ5 ሜትር አዲስ ገዛሁ። የድሮው ጫፍ አረንጓዴ ነበር። ሻጩ ግን ‹ልዩነቱ ቀለም ብቻ ነው፣ ሁለቱም ኤስሲ ነው› ብሎ ሰማያዊ ሰጠኝ። ገመዱ ገብቷል፤ ኢንተርኔቱ ግን ይመጣል ይሄዳል፣ ቀይ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያው ሰሞን ረዳቴ የስልክ ገመድ በኔትዎርኩ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሬ 1000 ማሳየቱ ቀርቶ 100 ሜጋቢት ላይ ቆሟል። ኤስሲ፣ ኤፒሲ፣ ዩፒሲ፣ አርጄ-45፣ አርጄ-11 ሲተነተኑ ምን ማለት ናቸው? ሁለተኛ እንዳልታለል ዝርዝራቸውን ብትጽፉልኝ።»

ምላሽ፦ ቀለሙ ጌጥ አይደለም። ሻጩ «ሁለቱም ኤስሲ ነው» ሲልዎ አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። ሰማያዊውን ገመድ ዛሬውኑ ይንቀሉትና አሮጌውን አረንጓዴ ይመልሱ፤ ትክክለኛው ገመድ እስኪገኝ ማሽኑ ወደ ድሮ ቦታው ይሂድ። የኔትዎርኩ ቀዳዳ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የሁለቱም ችግር መነሻ ግን አንድ ነው። በገበያችን አንድ ዕቃ የሚጠራው ካሉት ሁለትና ሦስት መለያዎች በአንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩትን ገዢው አይጠይቅም፣ ሻጩም አይናገርም።

ኤስሲ የሚለው ስም የሚናገረው ስለ ውጭው ቅርፅ ነው፦ አራት ማዕዘን ፕላስቲክ፣ ተገፍቶ የሚገባና ተስቦ የሚወጣ፣ መሃሉ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ የሴራሚክ ዘንግ። መስታወቱ ያለው በዚያ ዘንግ መሃል ነው፤ ብርሃን የሚሄድበት የመስታወቱ እምብርት ደግሞ ወደ 9 ማይክሮን ግድም ብቻ ይሰፋል፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ኤፒሲና ዩፒሲ የዚህን ዘንግ አፍ አሞራረድ የሚነግሩ ናቸው። ዩፒሲ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ በጣም በትንሹ ብቻ ጎበጥ ያለ ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ። ኤፒሲ በ8 ዲግሪ ሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ ቀለሙ አረንጓዴ። ስለዚህ የገመድዎ ሙሉ ስም ኤስሲ ሳይሆን «ኤስሲ ኤፒሲ» ነበር።

ሰያፉ ለምን አስፈለገ? ብርሃን ከመስታወት ወደ መስታወት ሲሻገር ጥቂቱ ተመልሶ ይንጸባረቃል። ፊቱ ቀጥ ያለ ከሆነ የተንጸባረቀው ብርሃን በመጣበት መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሌዘሩ ይመለሳል፣ ይረብሸዋልም። ፊቱ ሰያፍ ሲሆን ነጸብራቁ ወደ ጎን ይወረወርና ከእምብርቱ ውጭ ይጠፋል። ጥሩ ዩፒሲ የሚመለሰውን ብርሃን ከተላከው በ50 ዴሲቤል (የብርሃን ኃይል ምን ያህል እንደቀነሰ የሚለካበት) ገደማ ያሳንሰዋል፤ ኤፒሲ 60 እና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል። በየቤቱ በሚገባው የፋይበር መረብ አረንጓዴው የተለመደው በተለይ በዚያው መስታወት ላይ በ1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት የቴሌቪዥን ሥርጭት ሊጨመር ስለሚችል ነው፤ ይህ ሥርጭት ነጸብራቅን ጨርሶ አይወድም።

አሁን እርስዎ ያደረጉትን ይመልከቱ። ሰያፍ ፊት ከቀጥ ፊት ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ገጽ ለገጽ አይሳሳሙም። በአንድ ጠርዝ ይነካካሉ፣ እምብርቱና እምብርቱ መካከል ላይ ግን ቀጭን አየር ይቀራል። ብርሃኑ ያንን ክፍተት ሲሻገር የተወሰነው ይበተናል፣ የተወሰነው ይመለሳል። የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዴሲቤል ነው። ጥቂት ስል አይናቁት፤ 3 ዴሲቤል ማለት ግማሹ ብርሃን ማለት ነው። ቴክኒሻኖች ኦኤንቲ የሚሉት የእርስዎ ማሽን፣ ጂፖን በሚባለው የተለመደ የፋይበር አሠራር፣ እስከ −27 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት በ27 ዴሲቤል ያነሰ) የደከመ ብርሃን ድረስ ያነባል። ይህም አንድ ሚሊዋት ለ500 ቢከፈል አንዱ እጅ ነው። ለምሳሌ በፊት −23 ይደርስዎ ከነበረና አዲሱ መጋጠሚያ 4 ዴሲቤል ከበላ፣ ልክ አፋፉ ላይ ቆመዋል። በር ሲዘጋ፣ ገመዱን ድመት ስትነካው፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ሲጨምር ከአፋፉ ይወድቃሉ፣ መልሰው ይወጣሉ። «ይመጣል ይሄዳል» ያሉት ይኸው ነው። ቀዩ መብራትም ሎስ ይባላል፤ ብርሃን አጣሁ እያለ ነው እንጂ ማሽኑ ተቃጠለ ማለት አይደለም።

«ደከም ብሎም ቢሆን ከሠራ ምን አለበት» የሚሉ ይኖራሉ። አለበት እንጂ። የሴራሚኩ ጠርዝ ሌላውን ፊት ሊጭረው ይችላል፤ የተጫረው በግድግዳው ሣጥን በኩል ያለው ከሆነ ደግሞ ዕቃው የእርስዎ አይደለም፣ የሚቀይረውም አገልግሎት ሰጪው ነው። ከዚህ የባሰው ግን ቆሻሻ ነው። እኔ በሥራ ላይ ካየኋቸው «የተበላሹ» መጋጠሚያዎች የሚበዙት የተሰበሩ ሳይሆኑ የቆሸሹ ናቸው። በ9 ማይክሮን መንገድ ላይ አንድ የአቧራ ቅንጣት ድንጋይ ነው። ስለዚህ አረንጓዴውን ከመመለስዎ በፊት ፊቱን ብናኝ በማይተው ልዩ ወረቀትና በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱት፤ ወይም በአንድ ጠቅታ የሚያጸዳውን ብዕር መሳይ መሣሪያ ይግዙ። እፍ ማለት፣ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ፣ በጣት መዳበስ አይሆንም። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮልም ውሃ ስላለበት ሲደርቅ እድፍ ይተዋል። ያልተሰካ ጫፍ ደግሞ ሁልጊዜ ክዳኑ ይደረግበት፤ ያቺ ትንሽ ክዳን የምትጣል ዕቃ አይደለችም።

እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የተነቀለውን ጫፍ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው «ብርሃን አለው ወይ» ብለው እንዳያዩ። ከማዕከሉ የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖ ሜትር፣ ከእርስዎ የሚሄደው 1310 ናኖ ሜትር ነው፤ ሁለቱንም ዓይን አያያቸውም። ሳይታይ የሚገባ ብርሃን ደግሞ ዓይን እንዲጨፈን አያደርግም። አንዳንዶች በስልክ ካሜራ እናየዋለን ይላሉ፤ ያ ለቴሌቪዥን ሪሞት እንጂ ለዚህ አይሠራም፣ የስልክ ካሜራ ይህን ያህል ረጅም የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን አይለይም። ካሜራው ምንም ስላላሳየ ብርሃን የለም ብሎ መደምደም ስህተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው።

አዲሱን ገመድ ሲገዙ ከቤት የሚወጡት ሁለቱንም ሶኬት አይተው ይሁን። የግድግዳው ሣጥን አፍ አረንጓዴ ሆኖ የማሽኑ አፍ ሰማያዊ የሆነባቸው ቤቶች አሉ። ገመዱ ሁለት ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ ጫፍ የሚገባበትን ቀዳዳ ቀለም መምሰል አለበት እንጂ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ መመሳሰላቸው ግዴታ አይደለም። በአንድ በኩል አረንጓዴ፣ በሌላ በኩል ሰማያዊ የሆነ ገመድ ይሸጣል፤ ሕጋዊም ትክክልም ነው። ክልክሉ በአንድ መጋጠሚያ ውስጥ ሁለቱ ቀለማት ፊት ለፊት መገናኘታቸው ነው። ሌላው የሚጠየቀው «ሲንግል ሞድ» መሆኑ ነው፤ ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው። ብርቱካንማ ወይም ውኃ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መልቲ ሞድ ነውና ለእርስዎ አይሆንም። ርዝመቱ 5 ሜትር ይሁን 10 በብርሃኑ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም፤ ሁለት አጫጭር ገመዶችን በማገናኛ ከመቀጠል ግን አንድ ረጅም መግዛት ይሻላል፣ እያንዳንዱ ቅጥል የራሱን ድርሻ ይበላልና። ሲዘረጉት በሚስማር አይምቱት፣ ማዕዘን ላይ እንደ ወረቀት አያጥፉት። ጠመዝማዛው ከ3 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ካልጠበበ በእንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ገመድ ላይ አይሳሳቱም።

ሱቅ ውስጥ ስለሚያጋጥም አንድ ግራ መጋባት ልንገርዎ። «ኤፒሲ አለ?» ብለው ቢጠይቁ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየውን ባትሪ ሊያወጡልዎ ይችላሉ፤ የታወቀ የዚያ ዕቃ ማርካ ስሙ ኤፒሲ ነውና። «ዩፒሲ» ካሉ ደግሞ «ዩፒኤስ» ተብሎ ይሰማና አሁንም ባትሪው ይመጣል። እኔ ራሴ አንድ ረዳት ልኬ 12 ቮልት የራውተር ባትሪ ይዞልኝ ተመልሷል። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። ስለዚህ በቃል ብቻ አይላኩ፤ የድሮውን ጫፍ ፎቶ አንስተው ያሳዩ።

ወደ ኔትዎርኩ ቀዳዳ ልምጣ። የስልኩ ገመድ ጫፍ ስድስት ቦታ ያለው ጠባብ ነው፤ የኔትዎርኩ ስምንት ቦታ ያለው ሰፊ ነው። ጠባቡ ሰፊው ውስጥ ይገባል፣ ይቆልፋልም፤ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በጎንና በጎኑ ያለው የፕላስቲክ ትከሻ የሶኬቱን የዳር የዳር ሽቦዎች፣ 1ኛውንና 8ኛውን፣ ወደ ውስጥ ይጫናቸዋል። አንዳንድ ሶኬት ይህንን ይችለዋል፤ ርካሹ ግን ሽቦው ታጥፎ ይቀራል። 100 ሜጋቢት የሚያስፈልገው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ነው። 1000 ሜጋቢት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ደረጃ መሠረት፣ ስምንቱንም ይፈልጋል። 8ኛው ሽቦ ታጥፎ ከቀረ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። 1ኛው ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አይገናኝም ነበር። የእርስዎ ምልክት ከ8ኛው ጋር ይገጥማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የኮምፒውተሩን ገመድ በማሽኑ ላይ ወዳለው ሌላ የኔትዎርክ ቀዳዳ ያዛውሩት። 1000 ካሳየ የተጎዳው ቀዳዳ ያ አንዱ ነው፤ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ይተዉት። ለውጥ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ገመዱ ይዞራል።

የስልኩ ገመድ በሌላው ጫፍ ከስልክ መስመር ጋር ተገናኝቶ ከነበረ ሌላ ስጋት አለ። የስልክ መስመር በዝምታው ጊዜ 48 ቮልት ገደማ አለው፣ ሲጠራ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ተለዋጭ ቮልቴጅ ይመጣል። ይህ የሚያርፈው በኔትዎርክ ሶኬቱ 4ኛና 5ኛ ሽቦ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አሁንም በ100 የሚሠራ በመሆኑ የሶኬቱ የኤሌክትሪክ ዑደት ሁሉ ተቃጥሏል ብዬ አላስብም፤ ሌላው ቀዳዳም 1000 ካልሰጠና ገመዱን ለውጠውም ካልተሻሻለ ግን ይህን ያስቡ።

አሁን ስለ ሁለቱ ሶኬቶች ስም፣ ስለ አርጄ-11ና አርጄ-45። አርጄ ማለት «የተመዘገበ ሶኬት» ነው፣ ነገሩም የአሜሪካ ሕግ ታሪክ ነው። እዚያ አገር የስልክ ኩባንያው የራሱን ቀፎ ካልሆነ በቀር በመስመሩ ላይ ምንም እንዳይሰካ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የካርተርፎን ውሳኔ የሚባለው ይህንን በር ከፈተ፤ በ1970ዎቹም የሌላ ሰው መሣሪያ የሚሰካባቸው ሶኬቶች በመንግሥት ተቆጣጣሪው ዘንድ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተመዘገቡ። ስለዚህ አርጄ-11 የሚለው የፕላስቲኩ ስም አይደለም፤ «አንድ የስልክ መስመር በመሃሉ ሁለት ሽቦዎች ላይ» የሚል የሽቦ አሰካክ ስም ነው። በዚያው ፕላስቲክ ላይ ሁለት መስመር ካረፈ አርጄ-14፣ ሦስት ከሆነ አርጄ-25 ይሆናል። ትክክለኛው አርጄ-45 ደግሞ ለድሮ የስልክ ሞደም የተሠራ፣ በጎኑ ተጨማሪ ጉጥ ያለው፣ ውስጡ ሬዚስተር የተገጠመለት ነበር፤ ዛሬ በኮምፒውተርዎ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። እኛ አርጄ-45 የምንለው በትክክለኛ ስሙ 8ፒ8ሲ ነው፦ ስምንት ቦታ፣ ስምንት ሽቦ። መርካቶ ሄደው 8ፒ8ሲ ቢሉ የሚሰማዎ የለም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን አቆጣጠሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ 6ፒ2ሲ፣ 6ፒ4ሲ የሚል ካዩ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱን፣ ሁለተኛው በውስጡ ያሉትን ሽቦዎች ይነግርዎታል።

ገመዱ ላይ ከደረሱ ሁለት የተለመዱ ስህተቶችን ይጠንቀቁ። አንደኛው «በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ ቀለሙን እንደፈለግህ ደርድር» የሚለው ነው። የገመድ መሞከሪያው መብራት ከ1 እስከ 8 በሥርዓት ይበራልዎታል፣ ገመዱ ግን አይረባም። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠመዘዙት አንዱ የሌላውን ረብሻ እንዲሰርዝ ነው፤ 3ኛውና 6ኛው ከአንድ ጥንድ ካልሆኑ ያ ጥቅም ይጠፋል። ስለዚህ የሚቆልፈውን ምላስ ወደ ታች፣ የሚሰካውን ጫፍ ከእርስዎ አርቀው ይዘው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ያድርጉ፤ በሁለቱም ጫፍ። ሁለተኛው ስህተት ርካሹን ገመድ መግዛት ነው። ካርቶኑ ላይ ካት 6 ተብሎ ተጽፎ ሽቦው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ሞልቷል፤ የዚህ ምልክቱ «ሲሲኤ» ነው፣ የሚጽፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከወጣ ይተዉት። በእኩል ውፍረት ከመዳብ 60 በመቶ ያህል የበለጠ ይቃወማል፣ በኔትዎርክ ገመድ መብራት የሚላክላቸውን ካሜራዎች ደግሞ ያስርባል፣ ይሞቃልም።

ዝርዝር ብትጽፉልኝ ያሉትን አልጽፍም፤ አይጠቅምዎትም። ኤስሲን አንዱ «የደንበኛ ማገናኛ» ይለዋል፣ ሌላው «አራት ማዕዘን ማገናኛ»፣ ሦስተኛው «መደበኛ ማገናኛ»፤ የትኛውንም ቢያውቁ አረንጓዴውን ከሰማያዊው አይለይልዎትም። ለደህንነት ካሜራ የምንገጥመው ቢኤንሲ አንዳንዱ ከእንግሊዝ የባህር ኃይል ጋር ያያይዘዋል፤ እውነቱ ግን ተጠምዝዞ የሚቆልፍ መሆኑንና የሁለት መሐንዲሶችን፣ የኒልንና የኮንሰልማንን፣ ስም ነው የያዘው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን የሚገዙት 50 ኦም ይሁን 75 አይነግርዎትም፤ ለካሜራ የሚያስፈልገው 75 ነው። ኤስኤምኤ የሚባለው ተጠምዝዞ የሚታሰር የራውተር አንቴና ማገናኛ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የ4ጂ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ተራውን ኤስኤምኤ ይወስዳል፣ የዋይፋይ ራውተር ደግሞ «አርፒ» የተጨመረበትን፣ የመሃል መርፌው ከወንዱ ወደ ሴቷ የተዛወረበትን። ሁለቱ በጥሩ ሁኔታ ተጠምዝዘው ይታሰራሉ፣ መሃላቸው ግን ባዶ ከባዶ ወይም መርፌ ከመርፌ ይጋጠማል። ሰውየው አንቴና ገዝቼ ኔትዎርክ አልጨመረልኝም እያለ ይኖራል። ከመግዛትዎ በፊት ውስጡን አይተው መርፌ ከቀዳዳ መገናኘቱን ያረጋግጡ።

ለማንኛውም ማገናኛ ሻጩ ፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ቅርፁ ምንድን ነው፣ ወንድ ነው ሴት፣ ስንት ሽቦ ወይም ስንት ኦም፣ ለፋይበር ከሆነ ደግሞ አፉ ቀጥ ነው ሰያፍ። የማሽኑን የመብራት ጫፍ ከቀየሩም የውጭው ውፍረት ብቻ በቂ አይደለም፤ 5.5 በ2.1 እና 5.5 በ2.5 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ከውጭ አንድ ይመስላሉ። ቮልቱም ከማሽኑ ጀርባ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት፣ አምፔሩ ከተጻፈው ቢበልጥ ግን አይጎዳም።

የእርስዎ ሥልጣን ከግድግዳው ሣጥን እስከ ማሽኑ ባለው ገመድ ላይ ያበቃል። ሣጥኑን አይክፈቱ፤ ውስጡ የተበየደ እርቃን መስታወት አለ፣ ከተሰበረ ስብርባሪው ቆዳ ውስጥ ገብቶ አይታይም። ሁለቱ ጫፎች በቀለም የሚገጥሙ ኤስሲ ሲንግል ሞድ ገመድ ገዝተው፣ ፊቱን አጽድተው ከሰኩ በኋላ ወደ ማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ይግቡና የተቀባዩን የብርሃን ኃይል ያንብቡ። ከ−25 የተሻለ ከሆነ፣ ማለትም −24፣ −20 እያለ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ፣ ጨርሰዋል። −26፣ −27 እና ከዚያ በታች ከሆነ ችግሩ ከሣጥኑ ወዲያ ነው። ለአገልግሎት ሰጪው ሲደውሉ «ኢንተርኔቴ ይቆራረጣል» አይበሉ፤ ቁጥሩን ይንገሯቸው፣ ገመዱን መቀየርዎንም አብረው ይጥቀሱ።